የጋፋት ሂሳብ

ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ ወደ ጋፋት የሚሄድ እንግዳ ትልቅ ነገር ለማየት ጓጉቶ ከሆነ አዝኖ ይመለሳል። የሚያስደንቅ ሕንፃ አያገኝም፤ ጉብታ፣ ድንጋይ፣ ሣርና ከጉና ተራራ የሚወርድ ነፋስ ብቻ ይጠብቁታል። ያም ሆኖ «ለመከላከያ ስንት እናውጣ? መሣሪያውን እንሥራው ወይስ እንግዛው? ሂሳቡንስ ማን ይክፈል?» የሚለው የአገር ጥያቄ በእሳትና በቀለጠ ብረት የተጻፈው በዚህች ጉብታ ላይ ነው።

በእኛ ዘመን ይኸው ጥያቄ የመርከብ ልብስ ለብሶ ተመልሷል። ስለ ባሕር በርና ስለ ባሕር ኃይል በሸንጎም ይወራል፣ በሻይ ቤትም ይወራል። አንዱ «ባሕር ኃይል የሌለው ታላቅ አገር የለም» ይላል። ሌላው «ወደብ ሳይኖር መርከብ ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብሎ ይመልስለታል። እኔ ከባንክ መስኮት ጀርባ ገቢና ወጪ ስመዘግብ የምውል ሰው በመሆኔ ስለ መርከብ የማውቀው ጥቂት ነው። ሥራዬ ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ በአንዱ ሂሳብ ላይ ገቢ ሆኖ የታየ ሁሉ ከሌላ ሰው ሂሳብ ላይ ወጪ ሆኖ የተነሣ ነው። እስቲ ይህችን ትንሽ መለኪያ ይዘን፣ አንባቢ ሆይ፣ ከጋፋት እንነሣ።

ካሣ ኃይሉ ገና ሳይነግሡ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠሙ። ያን ቀን የጎደለው ጀግንነት አልነበረም፤ መድፍ ነበር። በሥርዓት የሠለጠነ ጦር ከምሽግ ሆኖ ሲተኩስ የፈረሰኛ ግልቢያ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አዩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው ዘውድ ሲጭኑም ያ ትምህርት አብሯቸው ነበር።

ይሁን እንጂ መሣሪያ የሚመጣው በባሕር ነው፤ ባሕሩ ደግሞ በእጃቸው አልነበረም። ምጽዋ ከ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በቱርክ እጅ ነበረች፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1865 ለግብፅ ተላለፈች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ያ ዝነኛ ደብዳቤም አንዱ ምሬቱ ይህ ነበር፤ ቱርኮች በሩን ይዘው መልእክተኞቼን አያሳልፉም የሚል። በሩ የተዘጋበት ቤት ሁለት ምርጫ አለው፤ በሩን መስበር ወይም የሚያስፈልገውን ሁሉ በቤት ውስጥ መሥራት። ቴዎድሮስ ሁለተኛውን ጀመሩ፤ አንደኛውንም እያለሙ።

ጋፋት የተወለደችው ከዚህ ምርጫ ነው። በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡት እነ ዋልድማየር፣ ቤንደር፣ ማየርና ዛልሙለር የእጅ ሙያ ያላቸው የወንጌል ሰዎች ነበሩ። ወንጌል ሊያስተምሩ መጡ፤ መድፍ አቅልጡ ተባሉ። ሞሪትዝ ሆል የተባለ የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የተባለ ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም ተጨመሩ። ከእነርሱ ጋር በየወናፉና በየምድጃው የደከሙት የአገራችን ሠራተኞች ስም ግን በታሪክ መዝገብ ላይ እምብዛም አይገኝም። በወጪው ገጽ ላይ መጀመሪያ የሚጎድለው እንግዲህ ይህ ነው፤ የደካማው ስም።

ንጉሠ ነገሥቱ የብስ ላይ ብቻ አልቆሙም። ምርኮኛው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በትዝታው እንደጻፈው በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል ትልልቅ ጀልባ አሠርተው፣ በጎንና በጎኑ በእጅ የሚዞር መንኮራኩር አስገጥመውለት ነበር። የእንፋሎት መርከብን ሥራ በሰው ክንድ ለመምሰል የተደረገ ሙከራ ነው። ሰው በዚህ ሊስቅ ይችላል። እኔ ግን አልሳቅሁም። ታንኳ በሚቀዘፍበት ሐይቅ ላይ መንኮራኩር ማየት የቻለ አእምሮ ባሕር ቢያገኝ ኖሮ ምን ይሠራ ነበር ብዬ አዘንሁ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1866 ንጉሠ ነገሥቱ ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ባለሙያዎችና ማሽን እንዲያመጣላቸው አዘዙ። ባለሙያዎቹም ማሽኖቹም እስከ ምጽዋ መጡ። ከዚያ ወዲያ ግን አላለፉም፤ «እስረኞቹ ይለቀቁ፣ ማሽኑ ይግባ» በሚል ክርክር ተይዘው ቆዩና ባለሙያዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ደብረ ታቦር ላይ የሚጠበቀው ማሽን ምጽዋ ላይ ቆሞ ቀረ። የባሕር በር ጉዳይ ለደጋው ሰው ሩቅ ነው የሚል ካለ ይህን ያስታውስ።

በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተሠራ። ስሙ በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው የሩሲያ የባሕር ወደብ የተወሰደ ነው። ወደብ ያልነበረው ንጉሥ የታላቁን መድፉን ስም ከወደብ ከተማ ወሰደ። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። በሴባስቶፖል ብዙ ቅኔና ብዙ ኩራት ተነግሯል፤ የሚገባው ነው። ሂሳቡን ግን ማንም በቅኔ አይዘጋውም።

ሂሳቡ እንዲህ ነበር። ቴዎድሮስ ሲነግሡ ከነበራቸው ዓላማ አንዱ ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ መብላቱን ትቶ በደመወዝ እንዲኖር ነበር። ደመወዝ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ከመሬት ይመጣል፤ ከመሬቱ ደግሞ ብዙው በቤተ ክርስቲያን እጅ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይሰጥ አሉ። በዛሬ ቋንቋ ይህ የበጀት ዝውውር ነው፤ ከጸሎት ቤት ወደ ጦር ሠፈር። ካህናቱ እምቢ አሉ፤ ከአቡነ ሰላማም ጋር ያለው ጠብ እየከረረ ሄዶ ጳጳሱ ታሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ መሬቱን ሳያገኙ የሚመርቃቸውን አፍ አጡ። መሬቱ ባይገኝም ወታደሩ መብላት አላቆመምና ጉድለቱ ተመልሶ በገበሬው ላይ ወደቀ።

በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በጌምድርም ዘረፋው ሲደርስበት ሸፈተ። ያን ጊዜ በደብረ ታቦር ዙሪያ ያለ ባላገር ከብቱን ወደ ገደል፣ እህሉን ወደ ጉድጓድ ይሰውር ጀመር። ጋፋት ላይ እሳቱ በጋለ ቁጥር የመንደሩ ምድጃ ይጠፋ ነበር ማለት ነው። አንድ ጊዜ በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ሠራዊትም እየከዳ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀረ። መድፉ ሲከብድ ጦሩ ቀለለ።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቹን ወደ መቅደላ ማስጎተት ጀመሩ። ሴባስቶፖልን ብቻ የሚጎትተው ሰው በመቶዎች ይቆጠር ነበር። በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ፣ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆ መንገድ እየጠረቡ፣ ድንጋዩን በባሩድ እየሰበሩ ከአምስት ወር በላይ ተጓዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ይህን የሚክድ ጠላት እንኳ የለም። በመጋቢት መቅደላ ደረሱ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ ወደ ጂዳ ሸለቆ አፋፍ ሲደርስ የተዘጋጀ መንገድ ጠበቀው። ቴዎድሮስ ለመድፋቸው የጠረቡት መንገድ የጠላታቸው ጦር የሚወርድበት መንገድ ሆነ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ላይ በተደረገው ውጊያ ከፋህላ የተተኮሱት መድፎች አብዛኞቹ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደቁ፤ ከእንግሊዝ በኩል የሞተው ሁለት ሰው ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ሰዉ። ከጎንደር የመጡት መጻሕፍት ተዘርፈው በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጡ፤ 350 ያህሉ ወደ እንግሊዝ ሙዚየም ገቡ። ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ሥነ ጽሑፍ ወዳድ ሁሉ በዚህ መስመር ላይ ጥቂት ይቁም፤ የመከላከያ ወጪያችን መጻሕፍታችንንም ጨምሮ እንደነበር ያስተውል።

የአሸናፊውን መዝገብም እንግለጠው። እንግሊዝ ወደ 13,000 ወታደርና 26,000 ተከታይ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳ፣ 44 ዝሆን ጭምር፣ ከ280 በላይ በሆኑ መርከቦች ወደ ዙላ አመጣች። ፓርላማው መጀመሪያ የፈቀደው 2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፤ ሲጠናቀቅ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ተጠጋ። የገቢ ግብር ከፍ ተደረገ፤ የሕንድ ወታደሮች መደበኛ ደመወዝ ደግሞ በሕንድ ካዝና ላይ ተጣለ። ከጦርነቱ በኋላ ፓርላማው ኮሚቴ አቋቁሞ «ይህ ሁሉ ገንዘብ የት ሄደ?» ብሎ መረመረ። ልዩነቱን አያችሁት? የእንግሊዝ ግብር ከፋይ ቢታለልም የሚጠይቅለት ሸንጎ ነበረው። የሕንዱ ገበሬ አልነበረውም። የበጌምድሩም አልነበረውም።

«ጃፓን እንዴት ቻለች?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ይህ የእኛ ትውልድ የዘወትር ጥያቄ ነው። ጋፋት በምትነድበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1865፣ ጃፓን በዮኮሱካ የመርከብ ግንባታ ሥፍራ ጀመረች፤ ያሠራትም ቬርኒ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። እነርሱም እንደ እኛ የውጭ እጅ ተጠቀሙ። ነገር ግን ባሕሩ ከደጃቸው ነው፤ ለውጭ ገበያ የሚሸጡት ሐር አላቸው፤ ግብር የሚሰበስብ የቆየ ሥርዓት አላቸው። ጋፋት ያነሳት የእጅ ጥበብ አይመስለኝም። ያነሳት ከምድጃው በስተኋላ መቆም የነበረበት ነገር ሁሉ ነው፤ በፈቃድ የሚከፈል ግብር፣ ዕቃ የሚገባበት በርና ጊዜ።

ዐፄ ምኒልክ ከዚህ ትምህርት የወሰዱ ይመስላል። እሳቸው መሥራቱን ትተው መግዛቱን መረጡ፤ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና በመሳሰለው የአገር ሀብት ጠመንጃ ይሸምቱ ጀመር። ቅኔን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ከታጁራ በግመል ጠመንጃ ጭኖ ወደ ሸዋ የመጣው በዚህ ገበያ ነው። ባለቅኔው ከንግዱ ያሰበውን ትርፍ አላገኘም፤ የገዢው ትርፍ ግን በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ታየ። ምኒልክም የወታደሩ ቀለብ ገበሬውን እንዳያጠፋ አሥራትን ደነገጉ። ቴዎድሮስ የጀመሩት ጥያቄ ቢያንስ በከፊል መልስ አገኘ። መግዛትም ግን ነፃ አይደለም፤ የዝሆኑ መንጋ ጠፋ፤ ግብሩም የሚነሣው ከሰው ትከሻ ላይ ነው።

ሦስተኛው መንገድ በስጦታና በውለታ መቀበል ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል በምጽዋ ተመሠረተ፤ ኮሌጁም በአስመራ ተከፈተ፤ የኖርዌይ መኮንኖች አሠለጠኑ። ዋናዋ መርከብ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች፣ ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ነበረች። በየዓመቱ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካም የሶቭየትም የጦር መርከቦች ምጽዋ ላይ ጎን ለጎን ይቆሙ ነበር። ውብ ትዕይንት ነበር ይላሉ ያዩት። ግን የመርከቡን መለዋወጫ የሚልከው ወዳጅ ፊቱን ያዞረ ዕለት መርከቡ የቆመ ብረት ነው። ይህም ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ ወዳጁ ተለወጠ፤ መርከቡም ተለወጠ።

አራተኛው መንገድ ዱቤ ነው። በ1975ና በ1976 ዓ.ም. ሁለት ፔትያ የሚባሉ የሶቭየት የጦር መርከቦች መጡ። አንባቢ እነዚህን ዓመታት ከሌላ መዝገብ ያውቃቸዋል። ወሎና ትግራይ፣ ከጎንደርም ክፍለ ሀገር ደረቅ ወረዳዎች፣ ወደ 77ቱ ረሀብ እየተንሸራተቱ የነበሩበት ዓመታት ናቸው። ሁለቱን መርከቦች መተው ረሀቡን ያስቀረው ነበር አልልም፤ እንዲህ ያለ ሂሳብ በቀላሉ አይሠራም። የምለው ግን ሁለቱም መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው ሕዝቡ እንዲያያቸው የተደረገበት ቀን አልነበረም ነው።

መጨረሻውን እናውቀዋለን። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ወደቀች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ ጎረቤት አገሮች ሸሹ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ሆነች፤ መርከቦቹ ዝገው ቆዩና እ.ኤ.አ. በ1996 ጅቡቲ ላይ ለጨረታ ቀረቡ። ከዚያ ሁሉ ባሕር ኃይል አንዲት ትንሽ የጥበቃ ጀልባ ወደ ጣና መጥታ እንደነበር ይነገራል። የቴዎድሮስ የደንገል ጀልባ በተሞከረበት ውኃ ላይ ማለት ነው። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ዞሮ መጥቶ እኛው በር ላይ ይቆማል።

በ2010 ዓ.ም. ባሕር ኃይሉ እንደገና እንደሚቋቋም ተነገረ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ የሰሜኑ ጦርነት ሲፋፋም በ2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ የ85 ሚሊዮን ዩሮውን ብድር ጨምሮ ትብብሩን አቋረጠች። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር ጠረፍ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ውዝግቡም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. እስከ አንካራ ደረሰ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም።

በዚህ ክርክር ውስጥ እኔ የማንም ወገን ጠበቃ አይደለሁም። የደብረ ታቦር ሰው መከላከያ አያስፈልግም ሊል አይችልም። በ2013 ዓ.ም. በቡሄ ሰሞን፣ ልጆች ችቦና ጅራፍ በሚይዙበት ወቅት፣ የከባድ መሣሪያ ጥይት በዚህች ከተማ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። መድፍ በዚህ አገር ከታሪክ መጽሐፍ የወጣ ቃል አይደለም። ያለ መሣሪያ የተገኘ አገር ደባርቂ ላይ ምን እንደገጠመው፣ መሣሪያውን አስቦ የገዛ አገር ዓድዋ ላይ ምን እንዳደረገ ሁለቱንም እናውቃለን።

ነገር ግን መርከብ እንሥራ ወይስ እንግዛ፣ በስጦታ እንቀበል ወይስ በዱቤ እናምጣ የሚል ሁሉ ከጋፋት ጉብታ ላይ ቆሞ ሦስት ጥያቄ ቢመልስ እወዳለሁ። በየትኛው በር ይገባል? ማሽኑ ምጽዋ ላይ ቆሞ እንደቀረው እንዳይቀር። ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ወዳጅ ፊቱን ያዞረ ዕለት የቆመ ብረት እንዳይሆን። ከማን ሂሳብ ላይ ይነሣል፣ ያ ሰውስ ተጠይቋል? ያልተጠየቀ ከፋይ በመጨረሻ ይሸፍታልና። ቴዎድሮስን ያሸነፋቸው ናፒየር ብቻ አይደለም፤ በጌምድር አስቀድሞ ሂሳቡን ዘግቶባቸው ነበር።

በ2017 ዓ.ም. «ጣና ነሽ 2» የተባለች የመንገደኛ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በተሽከርካሪ ተጭና፣ በረሃውንና ተራራውን በየብስ አቋርጣ ባሕር ዳር ደረሰች። ጉዞዋን የሰማሁ ዕለት ወዲያው ትዝ ያለኝ ሴባስቶፖል ነበር፤ ያው ከባድ ዕቃ፣ ያው ዳገት፣ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ያው ሕዝብ። ልዩነቱ ግን አለ። ይህችኛዋ የመጣችው ሰው ልታሻግር ነው፤ ልትጎተት ስትልም መንደር አልተቃጠለላትም።

ጋፋት ላይ አሁን ሣሩ ረዝሟል። ከብት ይግጥበታል። ከጉብታው ቁልቁል ሲያዩ የገብስና የድንች ማሳ ይታያል፤ ከማሳው መካከል አንድ ገበሬ ጎንበስ ቀና ይላል። የሁሉም መድፍ፣ የሁሉም መርከብ ሂሳብ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ሂሳቡ ሲዘጋም እሱ ማሳው ላይ መኖሩን ማየት ደግ ነው።